ስድስትን አምስት ያደረገችው ለውጥ

ለታናናሾቼ፤

ባለፈው ሳምንት፣ ሥራ ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ በቀን መቁጠሪያ ኮድ ላይ ያደረገችውን ለውጥ እንድመለከትላት አመጣችና «ጋሼ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ ለተቀየረበትም ቴስት ይጻፍ ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ቴስት ማለት ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ ነው። ወዲያው አልመለስኩላትም፤ ሰበታ ትዝ አለኝ።

በ2007 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው ሰበታ፣ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ሠራተኛ ጳጉሜን 6 ቀን 2006 ብሎ፣ ማለትም በሌለ ቀን፣ ተቀማጭ መዝግቦ ሒሳቡ አልገጥም ብሎ ስለነበር፣ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት የጳጉሜን መጨረሻ ተብሎ የተጻፈውን 6 ወደ 5 ለወጠው። ኮዱን በፍላሽ ይዞ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ፤ ያንኑ ቀን አስገብቶ ፕሮግራሙ እንደማይቀበለው አሳየኝ። እኔም የቡናዬን ሲኒ ሳላስቀምጥ «ጥሩ ነው፣ ጫነው» አልኩት። 2007 ግን ዘመነ ሉቃስ ነበር። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ ለ4 ማካፈልን፣ ቀሪው 3 ከሆነም ጳጉሜን 6 ቀን እንደሚኖራት፣ የቄስ ልጅ የነበሩት አያቴ በጣታቸው እየቆጠሩ ያስተማሩኝ ፊደል ሳልጨርስ ነው።

ጳጉሜን 6 ዓርብ ዋለ፤ ማግስቱ እንቁጣጣሽ። የበግ መግዣ ሊያወጡ የመጡ አባላት ሰልፍ አስፋልቱ ዳር ደረሰ፤ ገንዘብ ከፋይዋ ቀኑን በጻፈች ቁጥር «የተሳሳተ ቀን» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣባታል። ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት ደብተራቸውን በመስኮቱ እያሾለኩ «ልጄ፣ ዛሬ ቀን አይደለም እንዴ?» አሏት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእጅ ተጻፈ። ሥራ አስኪያጁ «ማነው የነካው?» ሲሉ ልጁ «እኔ ነኝ» አለ። አይቼ ያጸደቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሥራውን ለቀቀ።

ቴስት ከማስተካከያው በፊት ተጽፎ በአሮጌው ኮድ ላይ ሲወድቅ መታየት አለበት ሲባል ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። የልጁም ሙከራ በአሮጌው ኮድ ላይ የሚወድቅ ነበር። የጎደለው ወዲያኛው ወገን ነው፤ መከልከል ያለበትን ቀን ሲፈትን መፈቀድ ያለበትን አልፈተነም፣ ገምጋሚው እኔም «ከዚህ ለውጥ በኋላ እንደ ቀድሞው መሥራት ያለበት ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅሁትም። የዛሬ ልጆች ቴስቱ ማለፉን የሚያሳየውን አረንጓዴ ምልክት ካያችሁ ኮዱን አታነቡም፣ ይህም ያናድደኛል፤ ለነገሩ እኔ አንብቤ ምን ፈየድኩ?

ለልጅቷ ሦስት ቀን በወረቀት ጻፍኩላት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2018 ይከልከል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ይፈቀድ፤ መስከረም 1 ቀን 2020 በፈረንጆቹ መስከረም 11 ሳይሆን 12 ይሁን። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ቴስት ጽፋ አመጣች። የ2019ኙ ወድቋል።