ቾክ ካልተዘጋ የማይሠራ ፓምፕ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ሸዋሮቢት ሽንኩርት የምታጠጣበት የቤንዚን ፓምፕ ክረምቱን ቤት ውስጥ ከርሞ አሁን የሚሠራው ቾኩ፣ ማለትም የአየር መግቢያው መዝጊያ፣ ሲዘጋ ብቻ ነው። ስትከፍተው ያስነጥስና ይጠፋል። መካኒኩም ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር ቀይር ብሎሃል። ገንዘብህን ገና አታውጣ።

ቾክ ሲዘጋ አየሩ ያንስና ሞተሩ ቤንዚኑን አጥብቆ ይስባል። እንደዚያ ሆኖ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቤንዚን እያጠረው ነው። ወይ የቤንዚኑ መንገድ ጠቧል፣ ወይ የሆነ ቦታ ትርፍ አየር ይገባል። ክረምቱን ከነቤንዚኑ ከከረመ እኔ የመጀመሪያውን ነው የምጠረጥረው።

ከሰልባትዮው፣ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ጀምር። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ውጭ አውጣው፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብህ አይኑር። ወደ ካርቡሬተር የሚገባውን ጎማ ንቀልና ቤንዚኑን በሚያሳይ ጠርሙስ ተቀበል። ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። እየቀጠነ ከሄደና የሰልባትዮውን ክዳን ስታላላው መልሶ ከወረደ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ጠርሙሱን ትንሽ አቆየውና ታቹን እየው። ውሃ ካለ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፣ ድንበሩ በዓይን ይለያል። ቡናማ የዝገት ዱቄት ካየህ ደግሞ ሰልባትዮውን ሳታጥብ አዲስ ካርቡሬተር ብትገጥም እሱም ይደፈናል፤ ቀይር ያለህ ሰው ይህን ነግሮህ እንደሆነ እንጃ።

ቀጥሎ ቤንዚኑን ዝጋና ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ጽዋ ፍታ። የቆየ ቤንዚን ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፣ ቢጫ ሙጫም ይተዋል። መሀል ላይ ያለችው ቀዳዳ ያላት የነሐስ ቡሎን ጄት ናት፤ ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፈው በእሷ ነው። ፈትተህ ወደ ፀሐይ ያዛትና በቀዳዳዋ እይ። ብርሃኑ ክብ ሆኖ ካልታየህ ችግርህን አገኘኸው። እባክህ በሽቦ አትጎርጉራት! ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ እንኳ ከሰፋ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ቤንዚን ጠጪ ይሆናል። በካርቡሬተር ማጽጃ አርሳትና ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕረሰር አስነፋት። ከጄቷ በላይ ጎን ጎኗ የተበሳሳች ቀጭን ቱቦ አለች፣ ብዙ ሰው ይረሳታል። እሷንም አውጥተህ አጽዳ።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልተስተካከለ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሀል ያለውን ጓርኒሲዮን፣ አየር እንዳይገባ የሚያሽገውን ስስ ንጣፍ፣ እይ። ከተቀደደ ወይም ብሎኑ ከላላ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ፓምፑን ያገለገለ ከደብረ ብርሃን ገዝተህ ያመጣኸው ከሆነም ንገረን። እዚያ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አነስ ያለ ጄት ገጥመውበት ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ጋ ቆላ ሲወርድ ያው ቤንዚን ያጥረዋል።

መልሰህ ስትገጥም ጽዋዋ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ጎኑን ሳትነካ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀሷን እይ። ቤንዚኑን ክፈትና ሳታስነሳው ትንሽ ጠብቅ። ከካርቡሬተሩ ሥር ከተንጠባጠበ ተንሳፋፊዋ ስትነሳ ቤንዚኑን የምትዘጋው መርፌ አልዘጋችም። የሞተሩን ዘይትም አሽትት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ዘይቱን ሳትቀይር እንዳታስነሳው።