የሹራብ አንገት አትቸኩሉበት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን ልጅ የጀመረችውን ሹራብ ይዛ መጣችና «እትዬ፣ አንገቱን መክፈት የምጀምረው የት ስደርስ ነው?» አለችኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ትከሻው ሊያልቅ አራት ጣት ሲቀረው። እኔ ግን ሌሊቱን እናቴን ሳስብ አደርኩ።

አዳማ ሹራብ የሚያስመኝ ከተማ አይደለችም። ያን ጊዜ ናዝሬት እንላት ነበር፤ በዚያ ሙቀት ሱፍ ጭን ላይ ዘርግቶ መቀመጥ ራሱ ቅጣት ነው። እናቴ ግን የምትኖረው አሰላ ነበር፤ ከዚህ 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጭላሎ ተራራ ሥር፣ ብርድ አገር። የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ቡናማ ክር ገዝቼ ማታ ማታ ሠራሁላት። የፊቱ 88 ዓይን፣ ማለት መርፌው ላይ የሚቆጠር የክር ቀለበት፣ ነበረው። የመሐሉን 20 ዓይን በመርፌ ቁልፍ ያዝኩና ግራና ቀኙን ለየብቻ፣ በአንገት በኩል በየሁለት መስመሩ ሁለት ዓይን አንድ ላይ እየሠራሁ ሰባት ጊዜ ቀነስኩ። ለያንዳንዱ ትከሻ 27 ዓይን ቀረ። እስከዚህ እጄ አልሳተም። ትከሻውን ሰፍቼ፣ በቀጭኑ መርፌ የአንገቱን ዙሪያ ዓይን አንስቼ፣ አንድ ቀጥ አንድ ግልብጥ እያደረግሁ ክፈፉን ጨረስኩ።

ጥፋቱ መዝጊያው፣ ማለት ዓይኖቹ እንዳይተረተሩ የሚታሰሩበት የመጨረሻው መስመር፣ ላይ ነው። እንዳይሰፋ ብዬ ክሩን እየሳብኩ አጥብቄ ዘጋሁት። ስሞክረው ጆሮዬ ላይ ያዘኝ። ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ግን በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ነበረኝ፤ «ሲለበስ ይላላል» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

እናቴ መረቀችኝ። ለብሳው ግን አንድም ቀን አላየኋትም፤ አልወደደችውም ብዬ አኩርፌም ነበር። ካረፈች በኋላ ሳጥኗን ስንከፍት ሹራቡን አገኘሁት። የግራው ትከሻ ስፌት ሦስት ጣት ያህል ተተርትሮ በጥቁር ክር የሸሚዝ ቁልፍ ተተክሎበታል። ክርኑ ሳስቷል። ለካ ስትለብሰው ኖራለች፤ እኔ ስመጣ ነው የምታወልቀው።

እናንተ በስልክ ቪዲዮ እያያችሁ ስለምትሠሩ ቆጠራ ላይ ከእኔ ትበልጣላችሁ፤ መተርተር ግን ሞት ይመስላችኋል። መዝጊያውን ክፈፉን ከሠራችሁበት በሚወፍር መርፌ ዝጉ። በግምትም አትሥሩ፣ ሜትር ያዙ። እኔማ እስከ ዛሬ የምለካው በስንዝር ነው።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ሹራቡ ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። የሚለብሰው ሰው ቅርብ ከሆነ፣ ከመዝጋትሽ በፊት የክፈፉን ዓይኖች በትርፍ ክር ላይ ሰብስቢና በጭንቅላቱ አስገብተሽ እዪው።