የልጆች የዓይን ሽፋሽፍት ቅማል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ዓይኗን ታሻለች፤ ሽፋሽፍቷ ሥር ፎረፎር የሚመስል ነገር አለ። ጠብታ ታዞላት ነበር፣ አልተሻላትም።

መልስ፦ ያዩት ነገር በጣት ሲነካ እንደ ፎረፎር የማይረግፍና ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ ቅጫም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ከተራ የዓይን ቆብ መቆጣት ጋር ስለሚምታታ ብዙ ሕፃናት በማይሠራ ጠብታ ይጉላላሉ። ቅማሉ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ ጠፍጣፋና ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ ቅርፊት ይመስላል፤ የዓይን ሐኪም በማጉያ መሣሪያ ሲያየው ግን እግሮቹ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ቤት ያለውን የራስ ቅማል መድኃኒት ብቀባትስ?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ፐርሜትሪን የተባለው የቅማል መድኃኒት ዓይን አጠገብ አይቀባም፤ ማላታይን የተባለው ፀረ ተባይና ነጭ ጋዝማ ጭራሽ ሊታሰቡ አይገባም። ሐኪም የሚያዝዘው ለዓይን ተብሎ የተዘጋጀ፣ ፔትሮላተም የተባለ ቫዝሊን መሰል ቅባት ሲሆን፣ በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ ለ10 ቀናት የቆቡ ጠርዝ ላይ ሲቀባ ቅማሉን አፍኖ ይገድለዋል። ቅጫሙ ከ6 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ስለሚፈለፈል፣ ማሳከኩ በሦስተኛው ቀን ቀነሰ ተብሎ ቅባቱ ከተቋረጠ አዲሶቹ ቅማሎች ይተርፋሉ። ለገላ የምንቀባው ቫዝሊን ዓይን ስለሚያስቆጣ አይተካውም።

ጥያቄ፦ በወረንጦ ብንለቅመውስ?

መልስ፦ ትራኮማ ባለበት አካባቢ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት የሚነቀልበት ወረንጦ ከብዙ ቤት ስለማይጠፋ ሐሳቡ ይገባኛል። ሆኖም ሕፃን ድንገት ጭንቅላቷን ስታዞር ጫፉ ብሌኗን ሊወጋ ስለሚችል ለቀማውን ለሐኪም ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከየት መጣባት?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የራስ ቅማል ሳይሆን በአዋቂዎች ብልት አካባቢ ፀጉር ላይ የሚኖረው ዓይነት ነው። ከወላጅ ጋር በመተኛት ወይም ፎጣ በመጋራት ሊተላለፍ ይችላል፤ ነገር ግን የወሲብ ጥቃት ምልክትም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ልጅቱ ከማን ጋር እንደምትውልና እንደምታድር ቢጠይቅዎ ሳይቀየሙ፣ ሳይደብቁም ይንገሩት፤ የሚጠይቀው እርሷን ለመጠበቅ ነው። አብረዋት የሚኖሩት ሁሉ ይመርመሩ፣ የተገኘበትም በዚያው ጊዜ ይታከም። አንሶላውና ፎጣው ቢያንስ 54 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ 2 ሳምንት ይቆይ።

ጥያቄ፦ ፀጉሯን እንላጫት?

መልስ፦ አያስፈልግም። ቅንድቧና የራስ ፀጉሯ ግን አብሮ ይታይ።