ከከባድ ጉዳት በኋላ ወደ ስፖርት መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

ከከባድ ጉዳት አገግመው ወደ አካል ብቃት እንቅስቃሴ ለመመለስ የሚዘጋጁ ሰዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች፣ በፊዚዮቴራፒ ሙያዬ ከማውቀው ተነሥቼ የሰጠኋቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ የቁርጭምጭሚቴ ስብራት ገጥሞ ጀሶው ወልቆልኛል። መሮጥ የምጀምረው መቼ ነው?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ይሁን እንጂ አጥንት ገጠመ ማለት እግር ለሩጫ በቃ ማለት አይደለም። የቁርጭምጭሚት ስብራት ለመግጠም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ አጥንቱ ለብዙ ወራት መጠናከሩን ይቀጥላል፤ በጀሶ ውስጥ የቆየው ጡንቻ ደግሞ መሳሳት የሚጀምረው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሐኪምዎ ሩጫ ከፈቀደልዎ፣ አስቀድመው ለ30 ደቂቃ ሳያነክሱ መራመድ፣ ቀጥሎም በተጎዳው እግር ብቻ ቆመው ተረከዝዎን ደጋግመው ማንሣት መቻልዎን ያረጋግጡ። ከዚያም 1 ደቂቃ በዝግታ እየሮጡ 2 ደቂቃ እየተራመዱ፣ በየመካከሉም አንድ ቀን እያረፉ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ሰው ሁሉ «ከሞት ተርፈሃልና ተመስገን በል» ይለኛል። እኔ ግን ድሮ በቀላሉ የምወጣው ደረጃ ሲያደክመኝ እበሳጫለሁ። ምስጋና ቢስ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ አልሆኑም። በሕይወት በመትረፉ የሚያመሰግን ሰው ላጣው አቅም ቢያዝን ምስጋናው ሐሰት አይሆንም፤ እንዲያውም ሐዘኑ እንዲታፈን የሚገፋፋ ምክር፣ ከቅን ልብ ቢመጣም፣ ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። ድካምዎም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 በዳላስ በተካሄደ ጥናት 5 ጤነኛ ወጣቶች ለ3 ሳምንት ከአልጋ እንዳይነሡ ሲደረግ፣ ሰውነታቸው ኦክስጅን የሚጠቀምበት ከፍተኛ አቅም ከሩብ በላይ ቀንሶ ነበር፤ በቀጣዩ ልምምድ ግን ተመልሷል። ያልተጎዳ ወጣት እንዲህ ከሆነ፣ ቆስሎ ለወራት የተኛ ሰው ደረጃ ላይ ቢያለከልክ ሊያፍርበት አይገባም።

የምመክርዎት ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ባለፈው ሳምንት ያልቻሉትንና ዛሬ የቻሉትን አንድ ነገር እንዲጽፉ ነው፤ «ድጋፉን ሳልይዝ ወረድሁ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ራስዎን ከጉዳቱ በፊት ከነበሩት ጋር ካመዛዘኑ እያንዳንዱ ቀን ሽንፈት ይመስልዎታል፤ መነሻዎ ከአልጋ የተነሡበት ቀን ሲሆን ግን ለማመስገን ማንም ሊያስገድድዎ አያስፈልግም። ሐዘኑ ለሳምንታት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሳዎት ግን ለባለሙያ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ስለማመድ ካመመኝ ማቆም አለብኝ?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እስከ 3 የሚደርስና በማግስቱ ጠዋት የሚበርድ ሕመም ብዙውን ጊዜ ሊታገሡት የሚቻል ነው፤ በማግስቱ ከበረታ ወይም እብጠት ካስከተለ የልምምዱን መጠን ይቀንሱ። የአንድ እግር ባት ካበጠና ከሞቀ፣ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረ፣ ወይም ደረት ከወጋ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የጉልበቴ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት በቀዶ ሕክምና ከተተካ 6 ወር ሆኖታል። ምንም አያመኝም፤ አሠልጣኜም ወደ ጨዋታ እንድመለስ ይፈልጋል።

መልስ፦ አይመለሱ። የተተካው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደክምና በዝግታ ይጠነክራል፤ ሕመም አለመኖሩ ስለ ጥንካሬው ምንም አይነግርዎትም። ከ9 ወር በፊት ወደ ሜዳ የተመለሱ ተጫዋቾች ዳግም የመጎዳት ዕድላቸው በእጅጉ እንደሚጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። ከ9 ወር በኋላም ቢሆን የተጎዳው እግር ጥንካሬ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረሱ ይለካ። አሠልጣኝዎን በአክብሮት እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ነገር ግን በብዙ ድካም የተመለሰልዎትን ጉልበት የሚያከብሩበት መንገድ በእነዚህ 3 ወራት መታገሥ ነው፤ ካስፈለገም ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልዎ ሐኪም ራሱ ለአሠልጣኙ ያስረዳ።

ጥያቄ፦ አንድ እጄ ታስሯል። እስኪፈታ ዝም ብዬ ልቀመጥ?

መልስ፦ ሐኪምዎ ካልከለከለ አይቀመጡ። ጤነኛውን እጅ በክብደት ማሠራት የታሰረው እጅ ጥንካሬ ብዙ እንዳይቀንስ ይረዳል፤ የአንዱ ወገን ልምምድ ሁለቱንም ወገን የሚያዝዘውን የነርቭ ሥርዓት ያነቃቃልና። የታሰረው እጅ እንዳይጋጭ ግን ሚዛን የማያስት እንቅስቃሴ ይምረጡ፤ ተቀምጠው ቢሠሩት ይመረጣል።