ሊፍቱ ሲወዛወዝ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የአዳራሽ መብራት የምሠራ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ድርጅታችን መሰላሉን አስቀርቶ በእጅ የሚገፋ፣ እንደ መቀስ የሚከፈት ትንሽ ሊፍት አምጥቷል። ከፍ ስል ይወዛወዛል፤ አንድ እጄ ሃንድሬሉን (የመቆሚያውን አጥር) አልለቅም ይላል። ባልደረቦቼ «ትለምደዋለህ» ይሉኛል። እውነት ሊወድቅ ነው ወይስ የእኔ ፍርሃት ነው? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ መወዛወዝና መገልበጥ አንድ አይደሉም። የመቀሱ ብረቶች የተያያዙት በፒን ነው፤ እያንዳንዱ ፒን በቀዳዳው ውስጥ የፀጉር ያህል ክፍተት አለው። ክፍተቱ ከታች ወደ ላይ እየተደመረ ሄዶ እግርዎ ስር ሲደርስ በደንብ ይታወቃል። ሲዞሩ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ትንሽ ተወዛውዞ ወዲያው ጸጥ ካለና ወደ ቦታው ከተመለሰ ጤነኛ ነው። አዘንብሎ ከቀረ፣ ሳይነኩት ቀስ እያለ ከወረደ ወይም ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ከወለሉ ከተላቀቀ ግን ወርደው ማሽኑን ያቁሙ። ይህ የሚለመድ ነገር አይደለም።

ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ወለሉ ላይ ነው። የአዳራሽ ወለል ሲታጠብ ውሃው እንዲሄድ ወደ ፍሳሹ ያዘነብላል፤ በዓይን ግን ደልዳላ ይመስላል። ውሃ ልክ ይያዙና የሊፍቱ መሠረት ላይ በርዝመቱም በወርዱም ያሳርፉት። ወርዱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሊፍት በአንድ ጎኑ 1.2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ አንድ ዲግሪ አዘነበለ ማለት ነው፤ 3 ሜትር ላይ ያቺ አንድ ዲግሪ መቆሚያውን 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ትወስደዋለች። ሰውነት ይህን ከዓይን ቀድሞ ያውቃል፤ እጅዎ አልለቅም ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሰው ሳይወጣበት፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ የታጠፈ ወረቀት በየጎማው ስር ለማስገባት ይሞክሩ። አንዱ ስር ሾልኮ ከገባ ያ ጎማ ጭነት አልያዘም። ሴራሚክ ስባሪ ወይም ጣውላ አይጎስጉሱበት፤ ይንሸራተታል። ሊፍቱን ያዙሩት ወይም ቦታ ይቀይሩ።

ሌላው ቁመት ነው። የእጅ መድረሻ የሚባለው የመቆሚያው ከፍታ ሲደመር 2 ሜትር ነው። የማሽኑ ሰሌዳ ላይ መቆሚያው 2.5 ሜትር ይወጣል ካለ የሚደርሱት 4.5 ሜትር ነው፤ የአዳራሹ ኮርኒስ 5 ሜትር ከሆነ ግማሽ ሜትር ይጎድላል። ለዚያች ግማሽ ሜትር ነው ሰው የሃንድሬሉ መካከለኛ ብረት ላይ የሚቆመው፣ ካርቶን ወይም በርጩማ ይዞ የሚወጣው። ያኔ አጥሩ ጉልበት አካባቢ ይቀራል፤ ከለላ የሚባል ነገር የለም። ሥራው ሳይጀመር ፎርማኑ ኮርኒሱን በሜትር ለክቶ ሊፍቱን ይምረጥ፤ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ግድግዳ ሲበሱም ይጠንቀቁ። ድሪሉን ወደ ግድግዳው በገፉት ቁጥር ግድግዳው እርስዎንና ሊፍቱን ወደ ኋላ ይገፋል። ለአንድ ሰው የተሠሩ ብዙ ሊፍቶች የሚችሉት የጎን ግፊት 200 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 20 ኪሎ ገደማ ነው። በትከሻ ተደግፎ በደነዘዘ የድሪል ምላስ የሚበሳ ሰው ይህን በቀላሉ ያልፋል። ምላሱን ይቀይሩ፤ ሊፍቱንም አጭሩ ጎኑ ወደ ግድግዳው እንዲሆን ያዙሩት፤ ግፊቱ በርዝመቱ ይሂድ እንጂ በወርዱ አይሁን። ሊፍቱ ላይ የሚጫነውን ክብደትም ይደምሩ፦ ትልቁ ጂፕሰም ቦርድ ብቻውን 25 ኪሎ ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የሚቀረው ፍርሃት በልምምድ ይቀላል። መጀመሪያ 1 ሜትር ላይ አምስት ደቂቃ ይቁሙ፤ ጉልበትዎን ላላ ያድርጉ፤ ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ቀስ ብለው ያዛውሩ፤ ዓይንዎ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ አይነሳ። ከዚያ 2 ሜትር። ባትሪ ቢሞት ሊፍቱን ከመሬት የሚያወርደውን የአደጋ መልቀቂያ እርስዎም፣ ታች የሚቆመው ባልደረባዎም አስቀድማችሁ ሞክሩት። ሲያወርድ መጀመሪያ የሚያየው በመቀሱ መካከል እጅ አለመኖሩን ነው። በጾም ወቅት የከፍታውን ሥራ በጠዋት ይጨርሱት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላ ሰው ሊያዞረው ይችላል። መሬት ላይም የሚያዞርዎ ከሆነ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ አትክልት ቦታ እቆጣጠራለሁ። ለጥር ሠርጎች በዘንባባዎቹ መካከል መብራት በዚሁ ዓይነት ሊፍት ብንሰቅልስ?

መልስ፦ በሣሩ ላይ አይሆንም፣ እባክዎን። ውሃ የሚጠጣ ሣር ስር ያለው ጥቁር አፈር ለስላሳ ነው፤ ትንንሾቹ ጎማዎች እኩል አይሰምጡም። ኮብልስቶንም ቢሆን መጋጠሚያው ጎማ ይይዛል። የማሽኑን ሰሌዳ ይመልከቱ፦ የንፋስ ፍጥነት 0 ከተጻፈ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው። ለውጭ የተሠሩት ብዙውን ጊዜ እስከ 12.5 ሜትር በሰከንድ (45 ኪሎ ሜትር በሰዓት) ይፈቅዳሉ። ቀን የብሱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ንፋስ ይነሳል፤ ጀልባዎች ማለዳ መሻገር የሚመርጡት ለዚህ ነው። ባነር ከያዛችሁ ደግሞ ንፋሱ እንደ ሸራ ይገፋዋል። ለእናንተ የሚሻለው መሠረቱ ሰፊ የብረት ስካፎልዲንግ ነው፦ ቁመቱ ከጠባቡ ጎኑ ከ3 እጥፍ አይብለጥ፣ እግሮቹ ሰፊ ጣውላ ላይ ይረፉ፣ ሥራው በጠዋት ይጠናቀቅ። ከመንገዱ የኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ።

ጥያቄ፦ ሊፍት ላይ ሴፍቲ ቤልት ግዴታ ነው?

መልስ፦ በእነዚህ ትንንሾች ዋናው መከላከያ አጥሩና የተዘጋው በር ነው። አምራቹ መንጠቆ ካላበጀ ሃንድሬሉ ላይ አይሰኩ፤ ወድቀው ሲንጠለጠሉ ሊፍቱን ሊገለብጡት ይችላሉ። ኮርኒሱ ላይም አይሰኩ፤ ሊፍቱ ሲወርድ እርስዎ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። የውድቀቱን ግጭት የሚያለዝበው የ2 ሜትር የቤልት ገመድ ደግሞ ተዘርግቶ እስኪያቆምዎ 6 ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ከ3 ሜትር ከወደቁ መሬት ይቀድመዋል።