ጥያቄና መልስ፦ ቅጠል ሲረግፍ፣ ዮጋ ጫካ ውስጥ

ጥያቄ፦ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሸናንዶዋ ተራራ ውስጥ ለሁለት ሌሊት የዮጋ ቆይታ ተመዝግቤያለሁ። የጠዋቱ ልምምድ ዛፍ ሥር መሬት ላይ ነው አሉን። ጉልበቴን ያመኛል። ምን ልያዝ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ መጀመሪያ ለብርዱ ይዘጋጁ። ተራራው ከሸለቆው በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት ያህል ይቀዘቅዛል። ከቤትዎ በሹራብ የሚወጡበት ጠዋት እዚያ ጓንት ይፈልጋል። ጉልበትዎንም የሚያስቸግረው ሳይሟሟቁ መጀመር ነው። አምስት ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌና ትከሻዎን ያዟዙሩ፤ ተንበርክከው ጀርባዎን አሥር ጊዜ ያህል ያጉብጡ፣ ያቅኑ። ተረከዝ ላይ መቀመጥ የሚጠይቁትን ወደ መጨረሻ ያቆዩአቸው፤ ያኔም መቀመጫዎና ተረከዝዎ መካከል የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ያስገቡ። አንድ እግር አጥፈው ሲቆሙ ጉልበትዎ በእግር ጣቶችዎ አቅጣጫ ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ አይውደቅ። የሎተስ አቀማመጥን (እግር አጣጥፎ ሁለቱንም እግሮች በተቃራኒው ጭን ላይ መጫን) ግን ይተዉት፤ ዳሌ ካልተፍታታ ጥምዘዛውን የሚሸከመው ጉልበት ነው።

ምንጣፍዎን ቅጠል ላይ አያንጥፉ፤ ይንሸራተታል፤ ከሥሩም የባሉጥ ፍሬና ሥር ይቆረቁራል። ቅጠሉን ጠርገው ውኃ የማያስገባ ሸራ ያድርጉ፣ ምንጣፉን ከላይ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብርዱን ያሳልፋል፤ 6 ይሻላል። ጤዛ ሲነካው እጅ ስለሚያንሸራትት ፎጣ አይርሱ።

ብዙ ሰው የሚበርደው መጨረሻ ላይ በጀርባ ሲተኛ ነው፦ ላብ ያረጠበው ልብስ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል። ከመተኛትዎ በፊት ደረቅ ሸሚዝ፣ ካልሲና ኮፍያ ያድርጉ። ጋቢ ካለዎት ይዘው ይሂዱ፤ ነገር ግን ጥጥ እርጥበት ስለሚስብ ከላይ ይልበሱት እንጂ ከሥር አያንጥፉት።

ጥያቄ፦ መዥገሩን ብርዱ አይገድለውም?

መልስ፦ አይገድለውም። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የአጋዘን መዥገር፣ በተለይ ያደገው፣ በዚህ ወቅት ንቁ ነው። ነጣ ያለ ሱሪ ለብሰው ጫፉን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ። 0.5 በመቶ ፐርሜትሪን ልብስና ጫማ ላይ ብቻ ይረጫል፤ ሳይደርቅ አይለበስም፤ ቆዳም አይቀባም። ቤት ሲገቡ ደረቁን ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ ያሽከርክሩ፤ ብብት፣ ብሽሽት፣ የጉልበት ጀርባና የራስ ቆዳዎን ይፈትሹ። ከተጣበቀ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ክብሪትና ቫዝሊን የሚሉትን አይስሙ። በሽታው ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ መጣበቁን ስለሚጠይቅ ዕለት በዕለት መፈተሽ ይጠቅማል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም ሽፍታ ከመጣ ለሐኪም መዥገሩን ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ጽጌን እጾማለሁ። ሳልበላ ልሥራ?

መልስ፦ የጠዋቱን በባዶ ሆድ መሥራት እንዲያውም ይመቻል፤ ጎንበስ ካሉበት ግን ቀስ ብለው ይነሱ፣ ያዞራል። የሚያስቸግረው የከሰዓቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም ፈትተው ልምምዱ አሥር ላይ ከጀመረ ሙሉ ምግብ ሆድ ውስጥ ይከብዳል፤ ውኃና አንድ ሙዝ ይበቃል፣ ዋናው ምግብ ይቆይ። ቀድመው ደውለው የቪጋን ምግብ ይዘዙ፤ ቬጀቴሪያን ካሉ እንቁላልና አይብ ይመጣልዎታል።