ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ፦ የኢፌ፣ የቤኒንና የኦዮ ዙፋኖች

ስለ ናይጄሪያ ጥንታውያን መንግሥታት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል እርስ በርሳቸው የሚያያዙትን አራቱን በዚህ እትም አቅርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የኢፌ ንጉሥ ወገኖችና የቤኒን ንጉሥ ወገኖች «የእናንተ ዙፋን ከእኛ ወጣ» እየተባባሉ ሲከራከሩ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ሁለቱ ሕዝቦች በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው? ከሆኑስ የትኛው ወገን ነው ትክክል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሁለቱ ነገሥታት ቤቶች መዛመዳቸውን ሁለቱም ወገኖች ያምናሉ፤ ጠቡም የሚመነጨው ከዚሁ ዝምድና ነው። ባይዛመዱ ኖሮ ማን ቀደመ፣ ማን ከማን ወጣ የሚለው ክርክር ባልተነሣ ነበር።

አስቀድመን ቦታውን እንለይ። እዚህ ላይ ቤኒን የምንለው በደቡብ ናይጄሪያ፣ በኤዶ ግዛት ያለውን የቤኒን ከተማና ጥንታዊ መንግሥቱን ነው፤ ሕዝቡም ኤዶ ይባላል። ቀድሞ ዳሆሜ ይባል የነበረውና በ1975 ስሙን ወደ ቤኒን የለወጠው ጎረቤት አገር ከዚህ ታሪክ ጋር መምታታት የለበትም። ኢፌ ደግሞ ዛሬ በኦሹን ግዛት የምትገኝ፣ በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የሚኖሩት ዮሩባዎች የዓለም መነሻ አድርገው የሚያከብሯት ከተማ ናት። የኢፌው ንጉሥ «ኦኒ»፣ የቤኒኑ «ኦባ» ይባላሉ።

በኢፌ ትውፊት መሠረት ኦዱዱዋ ከሰማይ በሰንሰለት ወርዶ፣ በውኃ በተሸፈነው ዓለም ላይ አፈር በትኖ፣ አፈሩንም በዶሮ አስጭሮ ምድርን ዘረጋ፤ ዘሮቹም ከዚያው ወጥተው በየአቅጣጫው መንግሥታትን መሠረቱ። ስለ ቤኒን የሚነገረው ከዚህ ይቀጥላል። ኦግሶ ይባሉ የነበሩት የቀድሞዎቹ የቤኒን ነገሥታት ዘመን ሲያበቃ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ገዥ እንዲሰጣቸው ወደ ኦዱዱዋ ላኩ፤ እርሱም ልዑል ኦራንሚያንን ላከላቸው። ኦራንሚያን ግን አገሩን መግዛት ስለ ከበደው፣ ይህን ሕዝብ ሊገዛ የሚችለው በዚሁ ምድር የተወለደና ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ብቻ መሆኑን ተናግሮ ሄደ። ከኤጎር ባላባት ልጅ የወለደው ኤወካ በ1200 ገደማ የመጀመሪያው ኦባ ሆነ፤ የዛሬው የቤኒን ሥርወ መንግሥትም የሚቆጠረው ከእርሱ ጀምሮ ነው።

የቤኒን ቤተ መንግሥት ይህን ታሪክ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ወስዶ ይተርከዋል። የመጨረሻው ኦግሶ አንድ ልጁን ኤካላዴርሃንን ለሞት አሳልፎ ሰጠ፤ እንዲገድሉት የታዘዙት ሰዎች ግን አዝነው ለቀቁት። ልዑሉም ጫካ ለጫካ ተጉዞ ኢፌ ደረሰ፣ በዚያም ስሙን ለውጦ ነገሠ፤ የኢፌ ሰዎች ኦዱዱዋ የሚሉት እርሱን ነው። የቤኒን ሽማግሌዎች ሊፈልጉት በመጡ ጊዜ አርጅቶ ስለ ነበር ልጁን ኦራንሚያንን ላከላቸው። በዚህ አተራረክ ከኢፌ የመጣው ልዑል ወደ አያቱ ርስት የተመለሰ ወራሽ ይሆናል ማለት ነው። ኦባ ኤሬዲያዋ በ2004 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ይህን በግልጽ በጻፉ ጊዜ፣ በወቅቱ ኦኒ የነበሩት ኦኩናዴ ሲጁዋዴና ብዙ የዮሩባ ሊቃውንት ከኢፌ ትውፊት ጋር የማይስማማ ነው ብለው አጥብቀው ተቃወሙት።

ሁለቱ ትረካዎች ኦራንሚያን ከኢፌ ወደ ቤኒን በመሄዱ አይለያዩም፤ የሚለያዩት በአባቱ ማንነት ላይ ብቻ ነው። ከቃል ትውፊት ውጭ ያለው ማስረጃም የሚያጸናው የጋራውን ክፍል ነው። በቤኒን ትውፊት ኦባ ኦጉኦላ ነሐስ አቅልጦ ቅርጽ የሚያወጣ ባለሙያ ከኢፌ አስመጡ፤ ኢጉኤጋ የተባለውን ይህን ሰው በቤኒን ከተማ የኢጉን መንገድ ነሐስ ሠሪዎች እስከ ዛሬ የሙያቸው አባት አድርገው ያከብሩታል። ቅርጹን በሰም ሠርቶ፣ ጭቃ ለብጦ፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካስወጡ በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ የማፍሰሱ ጥበብ በሁለቱም ከተሞች አንድ ነው። በኢፌ «ኦሩን ኦባ አዶ» የሚባል፣ በትውፊት የቤኒን ነገሥታት ራሶች የሚቀበሩበት ነበር የሚባል ቦታም አለ።

የኢፌን ጥበብ ካነሣን ሳንናገር ልናልፈው የማንችለው አንድ በደል አለ። በ1910 ኢፌን የጎበኘው ጀርመናዊው ሊዮ ፍሮቤኒየስ ያያቸው የሰው ራስ ቅርጾች እጅግ ያማሩ ስለ ነበሩ፣ አፍሪካውያን ሠሯቸው ብሎ ማመን አቅቶት ከጠፋችው ከአትላንቲስና ከግሪክ ሰፋሪዎች ጋር አያያዛቸው። በ1938 ከኦኒው ቤተ መንግሥት አጠገብ ለቤት መሠረት ሲቆፈር የወጡት የነሐስ ራሶች ይህን ከንቱ ግምት አፈረሱት። ሁለት አፍሪካውያን ሕዝቦች ስለ ጥበቡ ባለቤትነት ዛሬ የሚከራከሩት ሌሎች ጥበቡን ከሁለቱም ሊነጥቁ ከሞከሩ በኋላ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ከዚህ በተቃራኒ የቋንቋ ጥናት ልዩነቱን ያሳያል። የኤዶና የዮሩባ ቋንቋዎች በአንድ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ቢመደቡም በተለያዩ ቅርንጫፎች ላይ ያሉ ስለ ሆኑ፣ አንዱ የሌላው ዘዬ አይደለም። ስለዚህ አንድ የንጉሥ ቤት ከኢፌ መጣ ማለት የኤዶ ሕዝብ ከዮሩባ ወጣ ማለት አይሆንም። በእኛ አመለካከት የክርክሩ ዋነኛ ስሕተት የሥርወ መንግሥትን ታሪክና የሕዝብን ታሪክ አንድ አድርጎ መውሰዱ ነው።

ክርክሩ በዘመናችን ለምን ጋለ ለሚለው የፖለቲካውን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። በ1930ዎቹ የቤኒንን ታሪክ የጻፈ አንድ የቤኒን ተወላጅ የኦራንሚያንን ከኢፌ መላክ ያለ ጭንቀት መዝግቦታል። ከዚያ በኋላ ቤኒን ዮሩባዎች በሚበዙበት በምዕራቡ ክልል ውስጥ ተጠቃለለች፤ በ1948 በኢፌ በይፋ የተመሠረተው የዮሩባ ማኅበር የኦዱዱዋን ልጆች የሚል ስም ያዘ፤ ከዚሁ እንቅስቃሴ የወጣው የአክሽን ግሩፕ ፓርቲም ክልሉን አስተዳደረ። ኦዱዱዋ የሌላ ሕዝብ የፖለቲካ ዓርማ ሲሆን ኤዶዎች የእርሱ ታናሽ መባል ቢከብዳቸው አያስደንቅም። ኦባ አኬንዙዋ ሁለተኛ የራሳቸው ክልል እንዲቋቋም ታግለው፣ በሐምሌ 1963 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የመካከለኛው ምዕራብ ክልል ተፈጠረ። የቤኒኑ ትረካ ከዚህ ዘመን በኋላ ጎልቶ መሰማቱን ስንናገር ያን ጊዜ ተፈጠረ ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ትረካ በአደባባይ የሚወጣበት ጊዜ የራሱ ምክንያት አለው።

ጥያቄ፦ የኢፌው ኦኒና የኦዮው አላፊን ሁለቱም ዮሩባዎች ሆነው ሳለ ለምን አይስማሙም? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አላፊን የሚባሉት የኦዮ ንጉሥ ናቸው። የማይስማሙት የአንዱ ክብር በቀዳሚነት፣ የሌላው ክብር በገናናነት ላይ የቆመ ስለ ሆነ ነው። ኦኒው ኦዱዱዋ የተቀመጠበት መንበር ጠባቂ ነኝ ይላሉ። አላፊኑ በበኩላቸው በትውፊት ኦዮን የመሠረተው የኦራንሚያን ዙፋን ወራሽ ከመሆናቸውም በላይ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ፈረሰኛ ጦሩ እስከ ዳሆሜ አስገብሮ የነበረው የኦዮ መንግሥት ባለቤት ናቸው። ይሁን እንጂ አላፊኑ በዚያ ዘመንም ቢሆን ልጓም ነበራቸው፤ «ኦዮ ሜሲ» የሚባሉት ሰባቱ መኳንንት እምነት ያጡበትን ንጉሥ ራሱን እንዲያጠፋ ያስገድዱ ነበር።

ያ መንግሥት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከውስጥ ፈረሰ። የጦር አዛዡ አፎንጃ በአላፊኑ ላይ ሲያምፅ አሊሚ የተባለውን የፉላኒ የእስልምና ሊቅ አጋር አደረገ፤ በመጨረሻ ግን እርሱ ራሱ በእነዚያው አጋሮቹ እጅ ተገደለ፤ የአፎንጃ ከተማ ኢሎሪንም በአሊሚ ልጅ ሥር የሶኮቶ ኸሊፋነት (በሰሜን የነበረው የፉላኒዎች እስላማዊ መንግሥት) አንድ ኤምሬት ሆነች። ዮሩባ የሚናገር ሕዝብ የሚኖርባት ኢሎሪን እስከ አሁን ኤሚር ያላት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ የዮሩባ ከተሞች እርስ በርሳቸው ለአሥርተ ዓመታት ተዋጉ፤ ከ1877 ጀምሮ የተካሄደው የኪሪጂ ጦርነት ከሁሉም ረዘመ።

እንግሊዞች ሲመጡ ደግሞ ሚዛኑ በእነርሱ እጅ ወደ አንዱም ወደ ሌላውም ተዘነበለ። በ1903 አንድ ባላባት የዶቃ ዘውድ መጫን ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ክርክር ሲነሣ፣ የሌጎሱ ገዥ ዊልያም ማግሬጎር ዳኝነቱን የሰጠው ለኢፌው ኦኒ ነበር፤ ኦኒውም ሌጎስ ድረስ ሄደው አይገባውም ብለው ፈረዱ። ይህ ፍርድ ዘውድ የሚመነጨው ከኢፌ ነው ለሚሉት ወገኖች እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ማስረጃ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን በኦዮ የተቀመጠው የእንግሊዝ ሹም ካፒቴን ሮስ አላፊኑን ከሁሉም በላይ አድርጎ፣ ታላቂቱን ኢባዳንን ሳይቀር በእርሳቸው ሥር አዋላት። ከሮስ መሄድ በኋላ ነገሩ እንደ ገና ተገለበጠ። ኦኒ አዴሶጂ አዴሬሚ የአክሽን ግሩፕ ወዳጅ ሆነው በ1960 የምዕራቡ ክልል ገዥ ለመሆን በቁ፤ ከዚያው ፓርቲ ጋር የተጣሉት አላፊን አዴየሚ ሁለተኛ ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ ከከተማቸው ተሰድደው ዙፋናቸውን አጡ። የአባታቸውን ውርደት ያዩት ላሚዲ አዴየሚ ሦስተኛ፣ እስከ 2022 በቆየው ረጅም ንግሥናቸው የኦዮን ማዕረግ ለማስከበር ያን ያህል የተሟገቱበትን ምክንያት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኢፌና ኦዮ በአንድ የአስተዳደር ግዛት ውስጥ በነበሩበት ዘመን የነገሥታቱ ጉባኤ ሊቀ መንበርነት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ያለ እልባት ቆየ፤ የተቃለለውም በ1991 የኦሹን ግዛት ተለይቶ ኢፌ ወደዚያ ስትካተት ነው። የአሁኑ ኦኒ አዴየዬ ኦጉንዉሲ በ2015 ከነገሡ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አላፊኑን በቤተ መንግሥታቸው መጎብኘታቸው እጅግ የሚያስመሰግን ተግባር ነበር። ይሁንና በ2025 ኦኒው ለአንድ ሰው የመላው ዮሩባ ምድር የሚል ማዕረግ በሰጡ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት ዘውድ የጫኑት አላፊን ኦዎዋዴ እንዲህ ያለውን ማዕረግ መስጠት የእኔ ብቻ መብት ነው በማለት ሹመቱ በ48 ሰዓት እንዲሻር ጠየቁ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ነገሥታት ዛሬ ሕጋዊ ሥልጣን አላቸው? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ የ1999ኙ የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት የአስፈጻሚነት ሥልጣን አይሰጣቸውም። ሹመታቸውን የሚያጸድቀው የግዛቱ አስተዳዳሪ ነው፤ መሻርም ይችላል። በሰሜን፣ የካኖው ኤሚር ሙሐመዱ ሳኑሲ ሁለተኛ በመጋቢት 2020 ከዙፋን ወርደው በግንቦት 2024 በሌላ አስተዳዳሪ መመለሳቸው ሹመትም ሽረትም በማን እጅ እንዳለ ያሳያል። ሆኖም ተሰሚነታቸው ትልቅ ነው፤ ፖለቲከኞች በምርጫ ዋዜማ ቤተ መንግሥታቸውን የሚሳለሙት በከንቱ አይደለም። እንግሊዞች በ1897 ከቤኒን ቤተ መንግሥት የዘረፏቸው ቅርሶች ሲመለሱ ባለቤታቸው ማን ይሁን የሚለው ክርክርም፣ በ2023 በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ለኦባው ተፈርዷል።

ጥያቄ፦ የቤኒን ነገሥታት ከኢትዮጵያ ንጉሥ መስቀል ይቀበሉ ነበር የሚል ነገር ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ ነገር ግን የወሬው ምንጭ ከአገራችን ታሪክ ጋር በእርግጥ የተያያዘ ነው። ፖርቱጋላዊው ዡዋዎ አፎንሶ ደ አቬይሮ በ1480ዎቹ ቤኒን ደርሶ ሲመለስ የቤኒን መልእክተኛ ወደ ሊዝበን አብሮት ሄደ። በ16ኛው መቶ ዘመን ይህን የመዘገበው ዡዋዎ ደ ባሮስ እንደሚለው፣ ከቤኒን በስተ ምሥራቅ የሃያ ወር መንገድ ርቆ «ኦጋኔ» የሚባል ታላቅ ንጉሥ አለ፤ አዲስ የነገሠ የቤኒን ንጉሥ ገጸ በረከት ይልክለታል፣ እርሱም ሹመቱን ለማጽናት በትር፣ የነሐስ የራስ ቁርና በአንገት የሚንጠለጠል የነሐስ መስቀል ይልክለታል። ኦጋኔ ሁልጊዜ ከመጋረጃ በስተ ጀርባ ስለሚቀመጥ መልእክተኞቹ ሲሰናበቱ የሚያሳያቸው አንድ እግሩን ብቻ ነው።

መስቀልና ምሥራቅ የሚሉትን ሁለት ነገሮች የሰማው የፖርቱጋል ንጉሥ ዡዋዎ ሁለተኛ፣ ይህ አውሮፓ ለዘመናት ስትፈልገው የኖረችው ክርስቲያኑ ንጉሥ ቄሱ ዮሐንስ ነው ብሎ ተስፋ አደረገ። በ1487 ፔሮ ዳ ኮቪልያን በምሥራቅ በኩል እንዲፈልገው ላከው፤ እርሱም በዐፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ደርሶ እንዳይመለስ ተከለከለ፤ በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች በሕይወት አግኝተውታል። ስለ ኦጋኔ የተሰማው ወሬ ይህን ጉዞ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ኦጋኔ ራሱ ማን ነበር ለሚለው ብዙ የታሪክ ሊቃውንት የኢፌው ኦኒ ነው ይላሉ። ይህ ከሆነ የቤኒን ነገሥታት ከኢፌ ሹመት ይቀበሉ እንደ ነበር የሚያሳይ ከሁሉም የቀደመ የጽሑፍ ምስክር ይሆናል፤ በቤኒን ነሐሶች ላይ ደረታቸው ላይ መስቀል ያንጠለጠሉ ሰዎች መቀረጻቸውም ታሪኩ መሠረት እንዳለው ያሳያል። ይሁን እንጂ ኢፌ ከቤኒን በስተ ሰሜን ምዕራብ እንጂ በስተ ምሥራቅ አይደለችም፤ ርቀቱም ቢሆን ከሃያ ወር መንገድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። በዚህ ምክንያት ሌሎች ሊቃውንት ኦጋኔን የሚፈልጉት የኒጀርና የቤኑዌ ወንዞች በሚገናኙበት አካባቢ ነው። እኛ ወደ ኢፌው አስተያየት እናዘነብላለን፤ ምክንያቱም ባሮስ ታሪኩን የጻፈው ነገሩ ከተሰማ ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑና ፖርቱጋሎቹ ቄሱ ዮሐንስን በምሥራቅ ይፈልጉ ስለ ነበር፣ አቅጣጫው ለዚያ ተስፋ እንዲስማማ ሆኖ የተመዘገበ ይመስለናል።